የ5 ሰዓት ተኩሉ ፕሮግራም፦ አንድ የቀን ዝግጅት በወጪ ቅነሳ እንዴት እንደታጠፈ

## መነሻ

ይህ ጽሑፍ አዳማ ላይ ይዘጋጅ ስለነበረ አንድ የቀን ቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። ይተላለፍ የነበረው መቀመጫውን አዲስ አበባ ባደረገ አንድ የሳተላይት ጣቢያ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቀኑ ተቀነሰ፣ ሰዓቱ ሦስት ጊዜ ተቀየረ፣ በመጨረሻም ታጠፈ። የጣቢያውንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። አብዛኞቹ ዛሬም እዚያው ሙያ ላይ ናቸው፤ እንጀራቸው ነው።

እኔ የፕሮግራሙ ፕሮዳክሽን ማናጀር ነበርኩ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም። የተናደድኩበትን ቦታ አንባቢ ራሱ ያገኘዋል።

ለመጻፍ የተነሳሁት ተመሳሳይ ነገር የገጠማቸው ሌሎች አዘጋጆች ሁሉ "ዶላር ጨመረ፣ ምን ይደረግ" ብለው ሲያልፉት ስለሰማሁ ነው። የዶላሩ ነገር እውነት ነው። የእኛን ፕሮግራም የገደለው ግን እሱ ብቻ አልነበረም።

## ፕሮግራሙ

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት። ግማሹ የጓዳ ሥራ ነው፤ ሰኞ የፍስክ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም። የቀረው ጊዜ ለልጆች ጤና፣ ለቁጠባ፣ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ትንሽ ንግድ ይውላል። የተራቀቀ ነገር አልነበረም።

የምንቀርፀው ፍራንኮ አካባቢ በተከራየነው ቤት ነበር። ሳሎኑ ስቱዲዮ፣ ወጥ ቤቱ እውነተኛ ወጥ ቤት። አቅራቢዋን፣ ሁለት ካሜራማኖችን፣ ኤዲተሩን፣ የወጥ ቤት ረዳቷንና እኔን ጨምሮ ስድስት ነን። ቀረጻ ጠዋት ብቻ ነው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጫቀጫል፤ ማይኩ ደግሞ አቅራቢዋን ትቶ ቆርቆሮውን ይሰማል። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት ተብለው በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት የነፋስ ተርባይኖች እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

የተሠራውን በሃርድ ዲስክ አድርገን፣ በፈጣን መንገዱ ለሚመላለስ አንድ የሚኒባስ ሹፌር እንሰጣለን። እሱም አዲስ አበባ ላይ ለጣቢያው ልጅ ያስረክባል። አንድ ቀን ሃርድ ዲስኩ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ሥር ተቀምጦ ደርሷል። ምንም አልሆነም።

ተመልካቻችን ቀን ቤት የሚውል ሰው ነው። እናቶች፣ ፀጉር ቤቶች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ጡረተኞች። ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ በጡረታ የወጡ አንድ አባት ስልክ ደውለው "የእናንተ ሙዚቃ ሲጀምር የደም ግፊት መድኃኒቴን እውጣለሁ" ያሉንን አልረሳውም። ያኔ ስቀን ነበር። በኋላ ግን የጉዳዩ ቁልፍ እሱ ሆኖ አገኘሁት።

ከጣቢያው ጋር ያለን ውል የገቢ ክፍፍል ነው። ፕሮግራሙን እኛ እንሠራለን፣ የአየር ሰዓቱን እነሱ ይሰጣሉ፣ የስፖንሰሩን ገንዘብ እኩል እንካፈላለን። ውሉ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ማቋረጥ የፈለገ ወገን የ30 ቀን ማስታወቂያ ይሰጣል ይላል። ስለ ሰዓት አንድም ቃል የለውም።

## ችግሩ ከየት መጣ

የቴሌቪዥን ገቢ ቀድሞም እየሳሳ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ አደረገ። ቢራ ፋብሪካዎቹ ደግሞ የዘርፉ ትልልቅ ስፖንሰሮች ነበሩ። ለሕዝብ ጤና ጥሩ ነው፤ እኔም አልቃወመውም። ግን ያንን ቀዳዳ የሚሞላ ሌላ ከፋይ አልተገኘም።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የጣቢያው የሳተላይት ኪራይ በዶላር ነው። በአንድ ወቅት የተከፈለው ሂሳብ በሚቀጥለው ክፍያ በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ለእኛ ሌላም በር ተዘጋ። ከሁለቱ ስፖንሰሮቻችን አንዱ የምግብ ዘይት አስመጪ ነበር። መስከረም ላይ ደወለና "እቃውን የማመጣበት ሳላገኝ ምን ላስተዋውቅ?" አለ። መልስ አልነበረኝም። አገር ውስጥ የሚሠራው የሳሙና አምራች ብቻ ቀረን።

ጥቅምት ላይ ጣቢያው የቀኑን መርሐ ግብር ማጠፍ ጀመረ። የጠዋቱ የቀጥታ ስርጭት ቆመ። የልጆቹ ፕሮግራም ቆመ። የእኛ ከሦስት ቀን ወደ አንድ ቀን፣ ረቡዕ ብቻ ሆነ። ታኅሣሥ ላይ ሰዓታችን ወደ ቀኑ 8 ሰዓት ተገፋ። ጥር ላይ ወደ ረፋዱ 4 ሰዓት ተመለሰ። መጋቢት ላይ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተባልን። ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ማን ነው ተነስቶ ሽሮ አሠራር የሚያየው?

ለውጦቹ የሚነገሩን በቴሌግራም ነው። "ከነገ ጀምሮ" የሚል አንድ መስመር። ለተመልካቹ ደግሞ ጨርሶ አይነገርም።

## የሳተላይቱ ጥያቄ

ከመጀመሪያው ቅነሳ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ የመርሐ ግብር ኃላፊውን አገኘሁት። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና ሰንጠረዡን አሳየኝ። የወሩ ጠቅላላ ወጪ በስርጭት ሰዓት ተካፍሎ፣ እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ ዋጋ ተጽፎለታል። የቀን ሰዓቶቹ ሁሉ በቀይ ተቀልመዋል፤ ገቢያቸው ከዋጋቸው በታች ነው።

"የሳተላይቱ ኪራይ በሰዓት ነው እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"አይ፣ በወር ነው።"

"ታዲያ ቀኑን ብትዘጉት ይቀንሳል?"

ትንሽ ዝም አለና ሳቀ። "አይቀንስም" አለ።

ነገሩ ይህ ነው። ጣቢያ ከሳተላይት ላይ የሚከራየው የሞገድ ስፋት ነው፤ ምልክቱ የሚያልፍበት ቦታ ማለት ነው። ያንን ስፋት ሌሊት በቀለም ባር፣ ማለትም ፕሮግራም በሌለበት ሰዓት በሚታየው ባለቀለም መስመር ብትሞላው፣ ቀን በድጋሚ ፕሮግራም ብትሞላው፣ ወይም ባዶ ብትተወው ሂሳቡ አንድ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ትልቁ ወጪ ለሰዓት ተከፋፍሎ ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ሰዓት ጥፋተኛ ይመስላል። የቀኑ ሰዓት የተከሰሰው ባልበላው ዕዳ ነው።

ለኃላፊው ፍትሐዊ ልሁን። በቀን ቅነሳው የሚተርፍ ገንዘብ በእርግጥ ነበር። የጠዋቱ ፈረቃ ሠራተኞች ይቀራሉ፣ ማለዳ የሚያመጣቸው ሰርቪስ ይቀራል፣ መብራት ሲጠፋ ለስቱዲዮው የሚነሳው ትልቁ ጄኔሬተር ናፍጣ ይቀራል። ማታ ላይ የነገው ዝርዝር ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ ቀኑን ራሱ እየተጫወተ ይውላል። ችግሩ የእኛ ፕሮግራም ስቱዲዮም ፈረቃም አይፈልግም። ተዘጋጅቶ የሚመጣ ፋይል ነው። ከቀጥታ ስርጭቱ ጋር በአንድ ቀይ ቀለም ስለተቀባ አብሮ ተጠረገ።

ይህን ስል እኛ አገር ብቻ የሆነ አድርጌ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አሜሪካ ውስጥ ኤቢሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአሥርት ዓመታት በቀን ያሳያቸውን ሁለት ተከታታይ ድራማዎች አጥፎ፣ በእነሱ ፋንታ የምግብና የወግ ፕሮግራም ለማስገባት ወሰነ። ምክንያቱ ርካሽ መሆኑ ነው። እንግሊዝ ውስጥ አይቲቪ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የቀን ፕሮግራሞቹን አሳጥሮ አንዳንዶቹ በዓመት 30 ሳምንት ብቻ እንዲታዩ እንደወሰነ አስታወቀ፤ ከ200 በላይ የሥራ ቦታዎችም አደጋ ላይ ወደቁ። ሁሉም ዘንድ መጀመሪያ የሚነካው ቀን ነው። ልዩነቱ፣ እነሱ ዘንድ ድራማ ሲወጣ ርካሹ የወጥ ቤት ወግ ይገባል። እኛ ዘንድ የወጣው ያ ርካሹ ነው።

## ምን አደረግን

መጀመሪያ የራሳችንን ወጪ ቀነስን። በአንድ ቀን አራት ክፍል መቅረጽ ጀመርን። አቅራቢዋ ልብስ እየቀያየረች፣ እኛም ጠረጴዛውን እያዞርን። ነፋሱ እንዳያስቸግር መስኮት ዘግተን፣ በአዳማ ሙቀት፣ ምድጃ እየነደደ። አራተኛው ክፍል ላይ የሁላችንም ፊት በዘይት የተጠበሰ ይመስላል።

ገንዘቡ በእርግጥ ቀነሰ። ግን ጓዳ ውስጥ የተቀመጠውን የቀይ ሽንኩርት ዘንቢል ማንሳት ረሳን። አንዲት እናት ደውለው "ልጄ፣ ያ ሽንኩርት አንድ ወር ሙሉ አላለቀም፤ በቀለ እኮ!" አሉ። እውነትም በቅሏል። አንዱ ላይ አረንጓዴ ጫፍ ይታያል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የለም። በተለያየ ቀን የተቀረፁትን ክፍሎች ቅደም ተከተል አዛብተን አስተላልፈናል ማለት ነው።

ቀጥሎ ተመልካች እንዳለን ለማሳየት ቆጠራ ወጣን። ጥር ላይ ሦስት ሰዎች ሆነን ከፖስታ ቤት እስከ መናኸሪያ ባለው መንገድ ፀጉር ቤቱን፣ ሻይ ቤቱን፣ ልብስ ሰፊውን እያየን ሄድን። 43 ቤቶች ገባን። በ19ኙ ቴሌቪዥን ተከፍቷል። ጣቢያችን የነበረው በሦስቱ ብቻ ነው።

ሰዓቱ ከመቀየሩ በፊት ግን ቆጥረን አናውቅም ነበር። ስለዚህ ሦስት ማለት ውድቀት ይሁን ቀድሞም እንዲሁ ይሁን ማሳየት አልቻልንም። ኃላፊው ወረቀቱን አይቶ "ይሄ ጥናት አይባልም" አለኝ። ልክ ነበር።

ቆጠራው ለጣቢያው ምንም ባይጠቅም ለእኛ አንድ ነገር አስተማረን። ፖስታ ቤት አካባቢ ያለች የፀጉር ቤት ባለቤት፣ የደንበኛዋን ሹሩባ እየሠራች፣ ሳትዞር እንዲህ አለችኝ፦ "እናንተ ሰዓት ስትቀያይሩ እኔ ሪሞት ይዤ ልዞር እንዴ? እጄ ቅባት ነው። አንድ ቀን አጣኋችሁ፣ ሌላ ቻናል አደረግኩት፣ እዚያው ቀረ።"

እዚያው ቀረ። ሪሲቨር ሲከፈት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መጨረሻ ላይ የታየው ቻናል ነው። ረፋድ ላይ የተቀየረ ቻናል ማታ አባወራው ሲገባም እዚያው ይጠብቀዋል። ጣቢያው ቀኑን ለብቻው፣ ማታውን ለብቻው ሒሳብ ሠራ። ቤት ውስጥ ያለው ሪሞት ግን አንድ ነው። ይህ ምን ያህል የማታ ተመልካች እንዳስወጣ በቁጥር መናገር አልችልም። ግን በዚያ ሳምንት የሰማሁት ሁሉ ይህንኑ ነው።

ዩቲዩብም ሞከርን። 11 ክፍል ጫንን። ያልጠበቅነው ሰው መጣ። አስተያየት የሚጽፉት ከቤይሩት፣ ከጅዳ፣ ከኩዌት ነው። ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ናቸው፤ አንዷ ኮረሪማ ባይገኝ ምን ይተካዋል ትላለች፣ ሌላዋ እናቴ እንደዚህ ነበር የምትሠራው ትላለች። ደስ ይላል፣ ሆድም ያባባል። የሳሙና አምራቹ ግን "ቤይሩት ያለች እህት የእኔን ሳሙና አትገዛም" አለ። አዳማ ያሉት እናቶች ደግሞ ዳታ የላቸውም፤ ስልኩ ያለው ልጁ ጋ ነው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ነው።

## ሬዲዮ

መጨረሻ ላይ የሄድንበትን መንገድ ያመጣችው የወጥ ቤት ረዳታችን ነች። "እኔ ምሳ ስሠራ ቴሌቪዥን አላይም፣ እሰማለሁ እንጂ" አለች። በከተማው ያለ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ በሳምንት ሁለት ቀን 20 ደቂቃ ሰጠን። ሰዓቱ የድሮው፣ ረፋድ 5 ሰዓት ተኩል። ይህን ለምነን ነው ያገኘነው።

የመጀመሪያው ቀን አስቂኝ ነበር። አቅራቢዋ እጇን ዘርግታ "ይሄን ያህል ዘይት ትጨምራላችሁ" አለች። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ቴክኒሻን በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። በሁለተኛው ክፍል ሁሉም ነገር በመለኪያ ሆነ፤ ሁለት የቡና ስኒ ዘይት፣ አንድ ጭልፋ ውኃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ። በሦስተኛው ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዘን ገባን። ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን ጩኸት፣ ቁሌቱ ሲበስል እንዴት ቀስ እያለ እንደሚወርድ ማይኩ ላይ አስጠግተን አሰማን። "ድምፁ እንዲህ ሲሆን በርበሬውን ጨምሩ።" በቴሌቪዥን ሦስት ዓመት ስንሠራ ይህን አልተናገርንም። ማን ያስፈልገዋል ብለን ነው።

ያኔ ስልኩ እንደገና መጮህ ጀመረ።

የቴሌቪዥኑ ፕሮግራም ግንቦት ላይ በይፋ ቆመ። የ30 ቀን ማስታወቂያው በሥርዓት፣ በደብዳቤ፣ በማኅተም መጣ። በዚያ ሁሉ ወር የደረሰን ብቸኛው ሥርዓት ያለው ወረቀት እሱ ነው።

## ሌላ ሰው ቢጠቀምበት

በእኔ ግምት ትልቁ ስህተታችን ውሉ ነው። ማቋረጥን ተከላክለን ሰዓትን ረሳን። የቀን ፕሮግራም ዋጋው ሰዓቱ ነው፤ የማታ ተመልካች ይፈልግሃል፣ የቀን ተመልካች ግን ከሥራው መሀል ነው የሚያገኝህ። አሁን ውል ብፈርም ቀኑና ሰዓቱ በቁጥር እንዲጻፍ፣ የሚቀየር ከሆነም ከሁለት ሳምንት በፊት በአየር ላይ እንዲነገር እጠይቃለሁ። ለአድማጭ ተመልካች መንገር ገንዘብ አይፈጅም። አሥር ሰከንድ ነው። የወንጂው አባት መድኃኒታቸውን በየትኛው ሙዚቃ ይዋጡ?

ወጪ ቅነሳ ሲመጣ ሰንጠረዡን ለማየት ጠይቁ። ከዚያም እያንዳንዱ ወጪ በምን እንደሚቆጠር ጠይቁ፤ በሰዓት ነው፣ በወር ነው፣ በሰው ነው? እኔ ጠይቄ መልሱን አገኘሁ፣ ግን ዘግይቼ ነው፤ ውሳኔው ቀድሞ ተፈርሟል። ሁለት ወር ቀድሜ ብሄድ ኖሮ፣ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ፋይል ከቀጥታ ስርጭት ተለይቶ እንዲታይ ማድረግ የምችል ይመስለኛል። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ደህና ጊዜ ላይ ቁጠሩ። ይህ ብቻ እንኳ ቢሆን ይበቃል።

አራት ክፍል በአንድ ቀን መቅረጽን በተመለከተ ቡድናችን እስከ ዛሬ ይከራከራል። ኤዲተሩ "ባናደርገው ኖሮ ታኅሣሥ ላይ ነበር የምንዘጋው" ይላል። አቅራቢዋ ደግሞ "ሰው የሸሸን ያኔ ነው፤ ድካማችን ይታይ ነበር" ትላለች። እኔ ወደ እሷ አዘነብላለሁ። ሽንኩርቱን ያዩት እናት ዳግመኛ አልደወሉም።

## አሁን ያለበት

ከስድስታችን ሦስታችን ሬዲዮው ላይ ነን። አንዱ ካሜራማን ሠርግ ይቀርፃል፣ ከእኛ ዘንድ ከሚያገኘው ይሻለዋል። ሌላኛው አዲስ አበባ ገባ። ኤዲተሩ ማታ ማታ ለሰው ቪዲዮ ይቆርጣል። የሳሙና አምራቹ አብሮን አለ፤ ክፍያው ግን የቀድሞው አንድ ሦስተኛ ነው። ፍራንኮ ያለውን ቤት ለቀቅን።

በጣቢያው ላይ ረፋድ 5 ሰዓት ተኩል አሁን ያለፈው ማታ የወግ ፕሮግራም ድጋሚ ነው። ባለፈው ሳምንት ፀጉር ቤቷ ጎራ አልኩ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ድምፁ ግን ጠፍቷል። ከመስታወቱ ሥር፣ ከማበጠሪያዎቹ መሀል የተደገፈ ስልክ ሬዲዮ ላይ ነው፤ የእኛ ሽንኩርት እየተንጫጫ።

"ዛሬ ምንድን ነው?" አልኳት፣ እንደማያውቅ ሰው።

"ዝም በል፣ ልስማበት" አለችኝ።